የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ግቢ

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ግቢ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለስ ለነበረው ባቡር የተሠራ የኢንዱስትሪ ቅርስ ነው። ጣቢያውን፣ የጥገና አዳራሾቹንና የባቡር ማቆሚያውን ያካትታል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የብረታ ብረት ሙያ ሥር ከሰደደባቸው ቀዳሚ ሥፍራዎች አንዱ ነው።

አመሠራረት

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ግንባታ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ወደ ደጋው ማውጣቱ ከባድ ወጪ ስለጠየቀ ግን መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ አለፈ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ሥፍራው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የኋላዋ ድሬዳዋ ናት። የባቡሩ ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ ግንባታው በመስተጓጎሉ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ስለነበረች የጥገናው ሥራ እዚያው ተደራጀ። ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿና በዛፎቿ ጥላ የምትታወቀው የከተማዋ ሰፈር ከዚራም ከባቡሩ ጋር አብራ አደገች።

ሥራና ሙያ

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። መለዋወጫ ከአውሮፓ በመርከብ እስኪመጣ ባቡሩን ማቆም ስለማይቻል ባለሙያዎቹ ብዙውን ዕቃ ራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ብረት ያቀልጣሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፣ በቶርኖ ይቀርጻሉ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቶቹን ቦታ ሲይዙ ሠራተኞቹ አዲሱንም ሞተር ተምረው ጠገኑ።

የዛሬ ይዞታና ተስፋ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በ1.435 ሜትር ሐዲድ ላይ ነው፤ የቀድሞው ግን 1 ሜትር ስለነበረ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ መስመር ሊሄዱ አይችሉም። ግቢው ዛሬ የባቡሩን ታሪክ ማየት የሚሹ ጎብኚዎች ይመጡበታል።

ለወደፊቱ መልካም ምሳሌ በደቡብ ፈረንሳይ አርል ከተማ ይገኛል። በዚያ የነበረው የባቡር ጥገና ግቢ እ.ኤ.አ. በ1984 ተዘግቶ ቆየ፤ አዳራሾቹ ታድሰው የሥነ ጥበብ ማሳያና የአርቲስቶች መሥሪያ ሆኑ። በአርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የተነደፈው ማማም እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፈተ። ድሬዳዋም ሰፋፊ አዳራሾች፣ መሣሪያዎችና የከበረ የእጅ ሙያ ታሪክ አላት። ግቢው ለብረት ሠሪዎች፣ ለሠዓሊዎችና ለወጣት ፈጣሪዎች የጋራ መሥሪያ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህም አንጋፋዎቹ ባለሙያዎች በቦታው ሳሉ ሙያቸውን ሊያስተምሩ በሚችሉበት ጊዜ ቢጀመር ቅርሱ ከነሕይወቱ ይተርፋል።