በስሜን ግርጌ የተቀበረው ብረት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ ወደ ስሜን ተራሮች ያመራል፤ የረገጠውን አፈር ግን እምብዛም ልብ አይለውም። በሌላው ዓለም ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ የቀድሞ ጦር ሜዳዎችን ማሰስ ለብዙዎች የዕረፍት ጊዜ ሥራ ሆኗል። የአሳሾቹ የመጀመሪያ ጥያቄም «የት ቢፈለግ ይገኛል?» የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያው ሳይሆን ከታሪክ ነው።

በዚህ አገር ቀዳሚው ቦታ ደረስጌ ነው። የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር እርዳታ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሊነግሡበት አስበው እንደ ነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ድል አድርገው ማረኳቸው፤ በቀናት ልዩነትም በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። አንዱ ደገሰ፣ ሌላው በላ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ጥይት ከእርሳስ የተድቦለቦለ ነበር፤ እርሳስም እንደ ብረት ዝጎ ስለማያልቅ በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን ይቆያል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ገድል ሲያሰፍሩ ተራው ወታደር የት ቆሞ እንደ ተኮሰ፣ ወዴትስ እንደ ሸሸ ለመጻፍ አልደከሙም። እሱን መጠየቅ የሚቻለው መሬቱን ነው።

መሬት ሲጠየቅ እንደሚመልስ በአሜሪካ ሞንታና ታይቷል። ጄኔራል ከስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ከነጭፍሮቹ ያለቀበትን የሊትል ቢግሆርን ሜዳ በ1983 እ.ኤ.አ. የሣር ቃጠሎ ገለጠው። በተከታዩ ዓመት የመሬት ቁፋሮ ምሁራን ብረት ጠቋሚ ከያዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር ተሰልፈው አሰሱት፤ እያንዳንዱ ቀለህ የወደቀበት ነጥብ በካርታ ሰፈረ፣ የመርፌው ምልክት ተመርምሮም አንድ ጠመንጃ ከየት ወዴት እንደ ተጓዘ ታወቀ። ሲናቅ የኖረው የነባሩ ሕዝብ ምስክርነትም በብዙ በኩል እውነት ሆኖ ተገኘ። ቀለሆቹ አስቀድሞ በኪስ ተለቅመው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀም ነበር።

ከደባርቅ አልፎ ያለው የወልቀፊት በር ሌላው ቦታ ነው። በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር ገደሉን ተገን አድርጎ ለወራት ከተከላከለ በኋላ፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ ስንቅ ስላለቀበት በመስከረም 1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ተከተለች።

ነገር ግን ጠቋሚው መሣሪያ የሞተውን ብረት ካልሞተው አይለይም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ውጊያ ተካሂዶ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ እንዲህ ያለ ውጊያ ባለፈበት ማሳ የሚጮኸው መሣሪያ ያልፈነዳ ቦምብም ሊያመለክት ይችላል። በዚያ ላይ ዓዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ገበሬው ሲያርስ እንግዳ ብረት ቢያጋጥመው ሳይነካ ቦታውን ምልክት አድርጎ ያመልክት፤ መምህሩም ይህን ለተማሪዎቹ ይንገር።

አሳሽ የማይፈልገው፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ የቀጥቃጮች መንደር ነው። በስሜንና በደምቢያ የቤተ እስራኤል ወገኖች በወናፍና በመዶሻ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን ሠርተው ገበሬውንም ወታደሩንም አስታጥቀዋል፤ ርስት ተነፍጓቸው፣ የሠሩበት እጅ «ቡዳ» ተብሎ ተሰድቦ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። ቀጥቃጭ በሠራበት ቦታ አመድና ከእሳት የወጣ ጥቁር የብረት ዝቃጭ ይቀራል። አሳሹም መሣሪያው ሲጮህለት በጉጉት ይቆፍራል፣ ዝቃጩን አንሥቶ ያገላብጣል፣ ወርቅ አለመሆኑን ሲያውቅም ወደ ገደሉ ይወረውረዋል።