የዘጌ ንብ ምን ታያለች?

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ብትጓዙ ዘጌ ትደርሳላችሁ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ እንደ ነውር ተቆጥሮ ኖሯል። ደኑ እስከ ዛሬ ለመቆየቱ ይህ እምነት ትልቅ ድርሻ አለው። ታዲያ ይህ የገዳም ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የንብም ታሪክ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት ሔስ የተባለ ታዋቂ የጀርመን የዓይን ሐኪም ንብ ቀለም አትለይም ይል ነበር። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ወጣት ኦስትሪያዊ ግን አበባ በከንቱ ያሸበርቃል ብሎ ማመን አቃተው። ሰማያዊ ካርቶን ላይ የስኳር ውኃ አድርጎ ንቦቹን አለማመዳቸው። ቀጥሎ ስኳሩን አነሣና ሰማያዊውን ከብዙ ግራጫ ካርቶኖች ጋር ደባለቀው። ንቦቹ ሄደው ያረፉት ሰማያዊው ላይ ነበር! የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ግራጫ ጋር ይምታታባቸው ነበር። ፎን ፍሪሽ ንብን ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ዛሬ እንደምናውቀው ንብ ቀይን እንደ ቀለም አታይም፤ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ግን ታያለች። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሚመስለን አበባ ለእሷ ወደ ወለላው የሚመራ ምልክት ሊኖረው ይችላል።

ዓይኗ ካደረሳት በኋላ ሽታው ይቀጥላል። የቡና አበባ ነጭ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ፈክቶ በሁለት ቀን ገደማ ይጠወልጋል። ስለዚህ ንቧ ቦታውን ቶሎ ማስታወስ አለባት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የቡናና የሎሚ ዘመዶች ወለላ ውስጥ ካፌይን እንዳለ፣ እሱም ንቧ የአበባውን ሽታ እንዳትረሳ እንደሚረዳት አሳየ። ከሦስቱ የዘጌ ተክሎች ሁለቱ እነዚሁ መሆናቸውን ልብ በሉ።

የእኛ ቡና ያለ ንብም ያፈራል። ሆኖም በፓናማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ንብ የጎበኘው ቡና ምርቱ ከ50 በመቶ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል።

አሁን በጣና ዳርቻ ጫት እየተስፋፋ ነው፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትም አብሮት መጥቷል። የጓሮ ቡና ወይም ሎሚ ካላችሁ፣ አበባው ፈክቶ ሳለ አትርጩ። የግድ ከሆነም ንቧ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን። እሷ የእናንተን አጥር አታውቅም፤ የምታውቀው አበባውን ነው።