የኪንደር ስካውት ተራራ ለሕዝብ እንዴት ተከፈተ

ዛሬ የእንግሊዝን ገጠር ለማየት የሚሄድ እንግዳ፥ በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል ያለውን የኪንደር ስካውትን ተራራ ማንም ሳይከለክለው ይወጣል። ከፍታው 636 ሜትር ነው። ነገር ግን ይህ ተራራ የባለርስቶች የወፍ ማደኛ ሆኖ በዘበኞች ይጠበቅ ነበር፤ ሳምንቱን በፋብሪካ ጢስ ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ ከሩቅ ያየው ነበር እንጂ አይረግጠውም።

እሑድ ኤፕሪል 24 ቀን 1932 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት የሚመራቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሄይፊልድ ተነሥተው ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከዘበኞቹም ጋር ተጋጩ። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ የሚያስገርመው፥ የተከሰሱት የሰው መሬት በመርገጥ ሳይሆን በሁከት ነው።

የ1949ኙን የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ያስገኘው ይህ ቀን ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን ከዚያ አርቀን እናየዋለን። ጄምስ ብራይስ የተባሉት የፓርላማ አባል ተራሮች ለእግረኛ እንዲከፈቱ የሕግ ረቂቅ ያቀረቡት በ1884 ነበር፤ ረቂቁም ደጋግሞ ወድቋል። የእስራቱ ፍርድ የፓርላማውን ክርክር ወደ ሕዝብ ቁጣ ለወጠው። አካባቢው በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በገላጣ ተራሮች ላይ እንደ ልብ በእግር የመሄድ መብት ግን በሕግ የጸናው በ2000 ነው።