ከከፍተኛ 9 እስከ አትላንታ

በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 አስተዳደር ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ከዓመታት በኋላ በአትላንታ የሆቴል ሠራተኛ ሆኖ ይኖር ነበር። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረች ኢትዮጵያዊት አንድ ቀን ከአሳንሰር ሲወጣ አየችው፤ አወቀችው። በከፍተኛው እስር ቤት ልብሷን ተገፍፋ፣ እጅና እግሯ ታስሮ በእንጨት ላይ ተንጠልጥላ ተገርፋለች። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች በ1990 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሱት። መሠረት ያደረጉት በ1789 የወጣና የውጭ ዜጎች በዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ካሣ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነበር። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ተፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ1996 አጸናው።

ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ የሚል አይጠፋም፤ ሰውየው እንዲያውም በ1995 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር። ሆኖም ያ መዝገብ ተከትሎት ዜግነቱ በ2004 ተነጠቀ፤ በ2006 ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደተፈረደበት አገሩ ተመለሰ። ለገራፊ የመሸሸጊያው ምድር ጠበበ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ግርፋቱን አላስቀረውም። ፍርዱ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። አለንጋ ያነሳ ሰው እጁን የሚይዘው የሩቅ ዳኛ ሳይሆን፣ ዛሬ ማታ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ሊኖር ይችላል የሚለው ስጋት ነው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ፀረ-ማሰቃየት ስምምነት በ1994 ተቀበለች፤ የመጀመሪያ ሪፖርቷን ስምምነቱን ለሚከታተለው ኮሚቴ ያቀረበችው ግን በ2009 ነው። ማዕከላዊ በሚባለው የአዲስ አበባ የምርመራ እስር ቤት እስረኞች ክፍሎቹን ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት ይሏቸው ነበር፤ ከሌሎቹ የተሻለውን ደግሞ ሸራተን። ሂዩማን ራይትስ ዎች የእስረኞቹን ቃል በ2013 አወጣ፤ ግቢው የተዘጋው በ2018 ነው። በ2002 የጸደቀው የስምምነቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል የእስር ቤቶችን በር ለመደበኛ ጉብኝት የሚያስከፍት ነው፤ ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ሉዓላዊነትስ? በ2020 በተሻሻለው አዋጅ ሥልጣኑ የሰፋው የራሳችን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አይበቃም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፕሮቶኮሉ ራሱ አገር በቀል ጎብኚ አካል እንዲቋቋም ያስገድዳል፤ በፕሮቶኮሉ የተቋቋመው የውጭ ጎብኚ ኮሚቴም ለኮሚሽኑ ደጀን ይሆነዋል እንጂ አይተካውም። በር የሚዘጋበትም ኮሚሽን ያን ጊዜ ብቻውን አይቆምም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፕሮቶኮሉን ያጽድቅ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ፖሊስ ጣቢያም በሩን ለጎብኚ ይክፈት።