ጭነትና ወሬ በጣና ዳርቻ፦ የባሕር ዳር ኑሮ ታሪክ

ባሕር ዳር ከተማ ከመሆኗ አስቀድሞ የገዳም አጥቢያ ነበረች። በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበችው መንደር ባሕር ጊዮርጊስ ተብላም ትጠራ ነበር። ካህናት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች፣ ጥቂት ነጋዴዎችና ጎጇቸውን ከውኃው ዳር የቀለሱ ታንኳ ሠሪዎች ይኖሩባት ነበር። የዚህችን መንደር የዕለት ተዕለት ኑሮ ለመረዳት ጭነቱ በየት በኩል ይገባ እንደነበር ማየት ይበቃል። ጭነት በገባበት ሰው ይገባል፤ ሰው በገባበት ወሬ ይከተላል። ለብዙ መቶ ዓመታት መግቢያው ሐይቁ ነበር፤ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቀስ በቀስ መንገዱ ሆነ።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከዙሪያው ይገቡበታል። በክረምት እነዚህ ወንዞች ሲሞሉ ዳርቻው ረግረግ ስለሚሆን በእግር ወይም በበቅሎ ሐይቁን መዞር አድካሚ ነበር። ከመሃል ያሉት ደሴቶች ደግሞ ከውኃ በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ለባሕር ዳር ቀረብ ያሉት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ፣ ሁሉም እህላቸውን፣ ጨዋቸውንና ዕጣናቸውን የሚያገኙት በታንኳ ነበር። መነኩሴውም፣ ባለ ስለቱም፣ ለተዝካር የተጠራውም ዘመድ የሚጓዘው በዚያው ነበር።

ታንኳ የሚሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጠውልጎ ሲቀል እየተጠቀለለ በልጥ ይታሰራል። ረጃጅሞቹ እስሮች ጎንና ጎን ተጋጥመው ሆዱን ይሠራሉ፤ የፊቱ ጫፍ ሾል ብሎ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብበታል፤ ሰውም ጭነትም የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ምስማርም ሳንቃም አይገባበትም። ቀዛፊው ከኋላ ቁጢጥ ብሎ በረጅም ሽመል ግራና ቀኝ እያለ ይገፋዋል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውኃው ወጥቶ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ታንኳ መሥራት ፋታ የማይሰጥ ሙያ ነው፤ ዳርቻው ላይ ሁልጊዜ አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ያሰጣል፣ ሌላው ያስራል። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ በነፋስ ስለሚናወጥ ረጅም መንገድ ያለበት ቀዛፊ ገና ሳይነጋ ይነሳል።

የዚህ ሙያ ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ አገሩን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጣና አካባቢ እንደሚኖሩ ጽፏል። ኑሯቸው የተመሠረተው በጉማሬ አደን፣ በዓሣ፣ በደንገል ሥራና በወፍጮ ድንጋይ ላይ ነበር። እስልምናን የተቀበሉ ቢሆኑም የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ማዕድ አይቆርስላቸውም፣ ጋብቻም አይሰጣቸውም ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ሐይቁን ለሌላው ሁሉ መንገድ ያደረጉለት ሰዎች በዚያው ሐይቅ ዳር ተገልለው መኖራቸው በጣና ታሪክ ውስጥ ከሚያሳዝኑ ነገሮች አንዱ ነው። ሙያቸው በዓለም የታወቀ ቁሳቁስ ላይ የቆመ መሆኑ የታየው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. ራ በተባሉት የደንገል ጀልባዎቹ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሳ ነው። ደንገሉ የመጣው ከጣና ነበር። ጀልባዎቹን የሠሩት ግን ከቻድና ከቦሊቪያ የተጠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ የጣናዎቹ እጅ አልገባበትም።

ለመንደሯ ዋናው ደንበኛም ዋናው አቅራቢም ዘጌ ነበር። የዘጌ ልሳነ ምድር ከባሕር ዳር በታንኳ የጥቂት ሰዓታት መንገድ ነው። በገዳሙ መሥራች በአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠ ነው በሚባለው ሥርዓት መሠረት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። በዚህ ምክንያት ደኑ ሳይመነጠር ቆየ፤ በጥላው ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይለማል። እህል የማያርስ ሕዝብ እህል መግዛት አለበትና ዘጌዎች ቡናውን፣ ጌሾውንና ማገዶውን በታንኳ ጭነው ይመጣሉ፤ ጤፉን፣ ዳጉሳውንና በርበሬውን ጭነው ይመለሳሉ። የገዳም ሥርዓት የአንድን ገበያ መልክ እንዲህ ሲወስን ማየት የተለመደ አይደለም። ማገዶ የጫነው የዘጌ ታንኳ ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ከሆነች በኋላም ሳይቋረጥ መጥቷል።

ወሬ የሚለዋወጠው በሦስት ቦታ ነበር። አንደኛው ታንኳው የሚቆምበት ዳርቻ ነው፤ ማን ሞተ፣ የየትኛው ደሴት አለቃ ተሾመ፣ በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ በኩል እህል ስንት ገባ የሚለው ጭነቱ ሳይራገፍ ይሰማል። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ በሰንበቴውና በማኅበሩ ዙሪያ ተቀምጦ የሰማውን የማያወራ የለም፤ ዕርቅም፣ ለቅሶ መድረስም፣ የደቦ ቀጠሮም እዚያው ይቆረጣል። ሦስተኛው እስከ ዛሬ በስሙ የሚታወቀው የቅዳሜ ገበያ ነው። የመንግሥት ቃል የሚታወጀውም ገበያ በሚቆምበት ቀን ነበር፤ ገበያተኛው አዋጁን ወደየመንደሩ ይዞት ይሄዳል።

ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት ሐይቁን በታንኳ ዞሮ ገዳማቱን ጎብኝቷል፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1928 ዓ.ም. ታትሟል። በዚያ ዘመን የውጭ መንግሥታት ዓይን ያረፈው በመንደሯ ላይ ሳይሆን በውኃው ላይ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ገደማ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በራስ ተፈሪ ተልከው አሜሪካ በመሄድ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር በጣና መውጫ ግድብ ስለመሥራት ተነጋግረው ነበር። ጥናቱ ቢካሄድም ግድቡ ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ ደረሰ።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ባሕር ዳርን ሲይዙ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል አደረጓት። የመኪና መንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የጀልባ ወደብና የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች የመጡት በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው። በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ሲጀመር ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚወስደው ጉዞ ታንኳ ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ አጠረ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም ወደቡና የሞተር ጀልባው ሥራ ቀጠለ። በኋላ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት የተረከበው ሳምንታዊ መርከብ ለአሥርት ዓመታት የሐይቁ ዙሪያ ሕዝብ አውቶቡስ ሆኖ አገልግሏል፤ እሑድ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ በማግሥቱ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። ዶሮ፣ የእህል ጆንያ፣ ታማሚና ሙሽራ አብረው ይሳፈሩበታል። ደብዳቤና የቃል መልእክት ለተሳፋሪ ይሰጣል፤ በየወደቡ የሚጠብቀው ሰው ግማሹ የመጣው ለጭነት ሳይሆን ለወሬ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማዋን በአንድ ጊዜ የለወጡት ግን 1950ዎቹ ናቸው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተገነባው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ሲጀምር ፋብሪካውም ከተማዋም መብራት አገኙ። በዓባይ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ጎንደርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው መንገድ በከተማዋ መሃል አለፈ። ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ባወጣው ማስተር ፕላን ዛፍ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ተቀየሱ፤ ዓባይን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ተሠራ። ጭነቱ ፊቱን ያዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ጥጥ በመኪና ይገባል፣ አቡጀዲ በመኪና ይወጣል፤ ወደቡ ለዘጌ፣ ለደሴቶችና ለሐይቁ ዳርቻ ብቻ ቀረ።

ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሌላውም ክፍለ ሀገር ለፋብሪካና ለትምህርት የመጣው ሰው ዘመድ አልነበረውም። ዕድር ከተማዋ ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጡ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይገዛሉ፤ አባል ሲሞት መቃብር ይቆፍራሉ፣ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ቤተሰቡን ያበላሉ። ጡሩምባ ነፊው ሊነጋጋ ሲል በየመንገዱ እየዞረ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩንና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። በከተሜው ዘንድ ይህን ያህል ታምኖ የሚደመጥ ሌላ የሰፈር ዜና አልነበረም፤ ጡሩምባው የጠራውን ሰምቶ የቀረ ሰው ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ የቀበሌ ስብሰባ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳና ድምፅ ማጉያ ሌላ የወሬ ምንጭ ሆኑ። ቀበሌው የመንግሥትን ጉዳይ ሲናገር ዕድሩ የጎረቤትን ጉዳይ ይዞ ቀጠለ።

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ብስክሌት ተስማማት። በፈረቃ የሚገባው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መምህሩና ተማሪው በብስክሌት የሚመላለሱባት ከተማ በመባል በአገሪቱ ታወቀች፤ ባጃጅ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የመምህራን አካዳሚ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከተማዋ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ከሆነች በኋላ በ1987ቱ ቆጠራ ወደ 96 ሺህ የነበረው ሕዝቧ በ1999ኙ ከ150 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኩር ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ መዘጋጀት ጀመረ፤ ሬዲዮውም ተከተለ። ስለዚህች ከተማ ገበያ፣ ፍርድ ቤትና እግር ኳስ በየሳምንቱ የሚጽፍ የራሷ ጋዜጣ ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐይቁም በዚያው ልክ ተለወጠ። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዓሣ የሚሰገረው በታንኳና በትንንሽ መረብ ነበር። ከ1978 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሆላንድ ድርጅቶችና በቤተ ክርስቲያን ትብብር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጁ፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ በብዛት ወጥቶ እስከ አዲስ አበባ ይጫን ጀመር። በዳርቻው ላይ ዓሣው ተገፎ ሥጋው ሲለይ ፔሊካኖች አንጀቱንና ጭንቅላቱን ለመቀበል ተሰልፈው ይቆማሉ፤ በሁዳዴ የዓሣ ጥብስና ጉላሽ የማይሸጥ ምግብ ቤት አይገኝም ማለት ይቻላል። ከነጭ ዓሣ ወገን በጣና ብቻ የሚገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ሲበዛ ቁጥራቸው በአሥር ዓመት ውስጥ ክፉኛ ቀነሰ። ለመራቢያ የሚወጣን ዓሣ በመንገዱ ላይ መያዝ የነገውን ምርት ዛሬ መብላት ስለሆነ ይህን ልማድ ማቆም ከሁሉም መቅደም ነበረበት።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ውኃ ለኃይል ማመንጫ መጥኖ መልቀቅ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ሲጨመር ጢስ እሳት የተባለው የዓባይ ፏፏቴ በበጋ ቀጠነ። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከታየ በኋላ ጀልባ እስከማያሳልፍ ተንሰራፋ። ዩኔስኮ ሐይቁን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ አረሙን ለመንቀል ግን ገበሬና ተማሪ በዘመቻ እየወጣ በእጁ ነው የታገለው። ደንገሉም እርሻና ግንባታ ወደ ውኃው በተጠጋ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። ባሕር ዳር ዳርቻ የነበሩት የነገደ ወይጦ መንደሮች ሆቴልና መዝናኛ ሲስፋፋ በየጊዜው ወደ ጎን ተገፍተዋል፤ ወንዶቹ የታንኳ ሥራን ትተው በቀን ሥራ ሲሰማሩ ሴቶቹ ከደንገል የሚሠሩትን ሰፌድና ቅርጫት ለጎብኚ ይሸጣሉ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቆ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያገለገለውን ጠባብ ድልድይ ተካ። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት አሁን በዚያ ያልፋል። ደቅና ሌሎቹ ደሴቶች ግን እህላቸውንም፣ ታማሚያቸውንም፣ የለቅሶ ጥሪያቸውንም የሚልኩት ዛሬም በውኃ ነው፤ ከፊሉ በሞተር ጀልባ፣ ከፊሉ በደንገል ታንኳ።