ፓውንድና ብር

በትምህርት ቤት «ፓውንድ» የእንግሊዝ ገንዘብ ነው ተብለን አለፍን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ባለቤት ያጣ ውሻ የሚታጎርበት ቦታም ፓውንድ ነው፤ ቡና መውቀጥም እንዲሁ። በዘመናት አነጋገር ተሸርሽረው ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ሦስቱ ዝምድና የላቸውም።

ታሪክ ያለው ገንዘቡ ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው «በክብደት» ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ከአንድ ፓውንድ ብር (ማዕድኑን ማለታችን ነው) 240 ፔኒ ይወጣ ነበር። ነገሥታቱ ግን ብሩን ቀስ በቀስ ቀነሱት። ሄንሪ ስምንተኛማ ከ1544 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዳቡን አበዛው። ሳንቲሙ ሲታሸ የንጉሡ አፍንጫ እየቀላ ስለመጣ ሕዝቡ «መዳብ አፍንጫ» አለው! ብሩ ቢጠፋም 240 የሚለው ቁጥር እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ዘልቆ በ100 ተተካ።

እኛስ? የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ያልነው በማዕድኑ ነበር። በኋላ የወጣውን ወረቀት በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲሉት እኛ ብር ማለታችንን አልተውንም። በ1976 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛውም ብር አለው። በኪሳችን ያለው ግን፣ እንደምታውቁት፣ ወረቀት ነው።