እሱ ካለማ ልክ ነው?

ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፍተን መስማት ለምዶብናል። “እሱ ካለማ ልክ ነው” እንላለን፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ዛሬ ይህን ልማድ ስለሚፈትን አንድ ቁጥር እናውጋ። ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ ትጠፉ የነበራችሁም ታገሱን።

ቁጥሩ 4,294,967,297 ነው።

ፒየር ደ ፌርማ በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሹም ነበር። ሂሳብ የትርፍ ጊዜ ሥራው ቢሆንም፣ በቁጥር ነገር የሚስተካከሉት የዘመኑ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1640 ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ እነዚህ ቁጥሮች አነሳ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አሠራራቸው ቀላል ነው። ከአንዱ ላይ 1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ አባዙ፣ 1 መልሳችሁ ጨምሩ፤ ቀጣዩን ታገኛላችሁ። አምስቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በምንም እኩል የማይካፈሉ፣ ፕራይም የምንላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፌርማ “ሰልፉ እስከ ዘለዓለም እንዲሁ ይቀጥላል” ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው አልደበቀም፤ እምነቱ ግን ጽኑ ነበር።

በሰልፉ ስድስተኛው ያ ግዙፍ ቁጥራችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1729 ክርስቲያን ጎልድባህ የተባለ ምሁር ጉዳዩን በደብዳቤ ለሊዮናርድ ኦይለር አነሳለት። ኦይለር ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ25 ዓመቱ፣ መልሱን ይዞ ቀረበ፦ ቁጥሩ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው። ለ92 ዓመታት የቆየው ግምት ፈረሰ።

ወጣቱ በጭፍን ሲያካፍል አልከረመም። ይህን ቁጥር ሊያካፍል የሚችል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ፣ ለ64 ሲካፈል 1 ቀሪ ሊኖረው እንደሚገባ በኋላ በጽሑፍ አስረድቷል። እንዲህ ያሉትን ከትንሹ ጀምረን ብንቆጥር 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ጉዱ ይወጣል ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ኦይለርን እዚህ ያደረሰው መንገድ የተመሠረተው ፌርማ ራሱ በዚያው በ1640 በጻፈው ሌላ ሕግ ላይ ነው። መሣሪያው በእጁ ነበር፤ አምስቱ ምሳሌዎች ግን ልቡን ሞሉትና ስድስተኛው ላይ አላነጣጠረም። እስከ ዛሬም ከአምስቱ ሌላ በሰልፉ ውስጥ አንድም ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም።

በዚህ ፌርማ አላነሰም፤ ያ ሕጉ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ኦይለርም አልተሳደበ፣ አልፎከረ፤ አካፈለ እንጂ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ትልልቆቻችንን ማክበርና ያሉትን መመርመር የሚጣሉ ይመስለናል።

በሉ እንግዲህ፣ ስልካችሁን አውጡና 641ን በ6,700,417 አባዙ። እኛንም ዝም ብላችሁ አትመኑን።